ዶፉ ሳይደርስ፦ ነጎድጓድና ፍሮንት ሲመጡ ቀድሞ ማወቂያ

"አፑ ፀሐይ ነው ብሎን ዶፍ ወረደብን፣ ታዲያ በምን እንወቅ?" ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ይለያያሉ። አንዱ ድንኳን ሊተክል ነው፣ አንዷ ተራራ ልትወጣ ነው፣ ሌላው ጣሪያ አፍርሶ ሊጠግን ነው። መልሱ ግን ያው ስለሆነ ሰብሰብ አድርጌ እዚህ ጽፌዋለሁ።

አፑ ለምን እንደሚስት በአጭሩ ልንገራችሁ። ስልካችሁ ላይ ያለው የፀሐይና የደመና ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከኮምፒውተር ሞዴል ነው። ሞዴሉ ምድርን በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ ያሰላል። መላውን ዓለም በሚያሰሉት ሞዴሎች የአንዱ ሳጥን ጎን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይጠጋል ወይም ከዚያ ይበልጣል። አንድ ተራ የነጎድጓድ ደመና ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ አይሰፋም፣ ተወልዶ ዶፉን አውርዶ እስኪበተን የሚፈጅበትም ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ "ከሰዓት በኋላ በአካባቢው ነጎድጓድ አለ" ሊላችሁ ይችላል። "እናንተ ሰፈር 9 ሰዓት ላይ" ማለት ግን አቅሙ አይደለም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሰዓታት ራሳችሁ ነው የምትከታተሉት።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ አንድ ጊዜ አይታችሁ አትፍረዱ። እዩ፣ ጻፉ፣ ቆይታችሁ እንደገና እዩ። 1005 የሚል የአየር ግፊት ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከሦስት ሰዓት በፊት 1009 እንደነበር ካወቃችሁ ግን ብዙ ይናገራል። ሰዓቶቹን የጻፍኩት በለመድነው አቆጣጠር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባሮሜትር፣ ማለትም የአየር ግፊት መለኪያ። ብዙ ስልኮች ውስጣቸው የግፊት ሴንሰር አለ፤ ቁጥሩን የሚያሳይ አፕ መጫን ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ስልካችሁ ከሌለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ መርፌ ባሮሜትርም ይሠራል።
- ኮምፓስ። የስልኩ ይበቃል፣ ብረት አጠገብ ግን አታንሡት።
- ቴርሞሜትር፣ ጥላ ውስጥ የተሰቀለ። እርጥበትም የሚለካ ከሆነ ደግሞ ጥሩ።
- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት።
- ደብተርና እርሳስ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ባትሪው ሲያልቅ ግን ማስታወሻችሁም አብሮ ይሄዳል።
- ከአገራችሁ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት የሚወጣ የራዳር ወይም የሳተላይት ምስል።
- የተሞላ ፓወር ባንክ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ።
- አስቀድሞ የተመረጠ መጠለያ። ይህን ዕቃ አይደለም ብላችሁ አትዝለሉት፤ የት እንደምትገቡ ሳታውቁ ሰማይ ማንበብ ትርፉ ትዕይንት ማየት ነው።

1. የት እንዳላችሁ ለዩ

ፍሮንት የሚባለው ሙቀታቸውና እርጥበታቸው የተለያየ ሁለት ሰፋፊ አየሮች የሚገናኙበት ድንበር ነው። በዋናነት የሚንቀሳቀሰው ከምድር ወገብ ራቅ ባሉት፣ በ30 እና በ60 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል ባሉ አካባቢዎች ነው። እዚያ ከሆናችሁ ደረጃ 2 ለእናንተ ወሳኝ ነው።

ወደ ምድር ወገብ ከቀረባችሁ ግን ካርታ ላይ የፍሮንት መስመር ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ አታገኙም። እዚያ ነጎድጓዱን የሚያበስለው የቀኑ ሙቀት፣ ነፋሳት ተገናኝተው የሚያከማቹት እርጥበትና አየሩን ወደ ላይ የሚገፋው ተራራ ነው። ቀድሞ የወረደ ዶፍ የለቀቀው ቀዝቃዛ አየርም ሌላ ዶፍ ይቀሰቅሳል። ደረጃ 2ን ለጠቅላላ እውቀት አንብባችሁ ጉልበታችሁን ከደረጃ 3 በኋላ ባሉት ላይ አድርጉ።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? አንዱ ጋ የሚሠራው ምልክት ሌላው ጋ ስለሚያሳስት። ለምሳሌ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ጀርባችሁን ለነፋሱ ብትሰጡ ዝቅተኛው ግፊት በግራችሁ በኩል ነው የሚል ደንብ አለ፤ በደቡብ ደግሞ በቀኝ። ምድር ወገብ አጠገብ ይህ ደንብ አይሠራም፣ ምክንያቱም ነፋሱን የሚያጣምመው የምድር መዞር ተጽዕኖ እዚያ ከመድከሙ የተነሣ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

2. ካርታውን አንድ ጊዜ እዩ

ጠዋት ላይ፣ ከቤት ሳትወጡ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ ካርታው የስንት ሰዓት እንደሆነ አረጋግጡ። ብዙዎቹ የሚጻፉት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ነው። ወደ ራሳችሁ ሰዓት ሳትቀይሩ ካነበባችሁት ያለፈን ነገር ገና ይመጣል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ።

ከዚያ መስመሮቹን ተመልከቱ። ሰማያዊ መስመር ከነሦስት ማዕዘኖቹ ቀዝቃዛ ፍሮንት ነው። ቀይ መስመር ከነግማሽ ክቦቹ ሞቃት ፍሮንት ነው። ሁለቱም የሚጓዙት ምልክቶቹ ወደ ዞሩበት አቅጣጫ ነው። ሐምራዊው ቀዝቃዛው ሞቃቱን ደርሶበት የተደራረቡበት ነው። ሰማያዊና ቀይ እየተፈራረቁ ምልክቶቹ በተቃራኒ ጎኖች ከሆኑ ደግሞ ድንበሩ ቆሟል ማለት ነው። የቆመ ድንበር አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሊዘንብ ስለሚችል ጎርፍ የሚያሳስባችሁ ሰዎች አትናቁት።

ቀጫጭኖቹ የተጠማዘዙ መስመሮች እኩል ግፊት ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛሉ። ተጠጋግተው ከተሰመሩ ነፋሱ ብርቱ ነው።

ቀዝቃዛና ሞቃት ፍሮንትን መለየት የሚጠቅመው የሚሰጧችሁ ጊዜ ስለሚለያይ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ሞቃቱን ከሥር ገፍቶ ሽቅብ ይወረውረዋል። ዝናቡ ጠባብ ቦታ ላይ፣ ድንገት፣ ብዙ ጊዜም ከነጎድጓድ ጋር ይመጣል። ሞቃቱ ግን በቀዝቃዛው ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ደመናው ከግማሽ ቀን ወይም ከአንድ ቀን በፊት ራሱን ያሳያል፣ ዝናቡም ለስለስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ይወርዳል።

3. ግፊትን በየሦስት ሰዓቱ ጻፉ

ሰዎች ቸኩለው የሚያበላሹት ይህን ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ስልኩን ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ አንድ ፎቅ ላይ አድርጋችሁ አንብቡ። 100 ሜትር ሽቅብ ብትወጡ ግፊቱ ወደ 10 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ይወርዳል። ይህ አንድ ብርቱ ፍሮንት ሲያልፍ ከሚያመጣው ለውጥ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መኪና እየነዱ ዳገት ወጥቶ "ግፊቱ ወረደ፣ ጉድ ሊመጣ ነው" ማለት አይሠራም። ከፍ ያለ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ አፑ 760 ወይም 800 ቢላችሁም አትደንግጡ። 1013 የሚባለው አማካይ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። እናንተ የምትፈልጉት ለውጡን እንጂ ቁጥሩን ራሱን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ግፊት ምንም ማዕበል ሳይኖር በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማና ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። በሞቃት ቀበቶ ልዩነቱ 2 ወይም 3 ሄክቶፓስካል ሊደርስ ይችላል፣ ከምድር ወገብ ስትርቁ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከጠዋት 4 እስከ ከሰዓት 10 የሚታየው መውረድ የዘወትር ነገር ነው። ማድረግ ያለባችሁ የዛሬውን ከትናንቱ ተመሳሳይ ሰዓት ጋር ማወዳደር ነው። ትናንት 9 ሰዓት ላይ ከነበረው ዛሬ 9 ሰዓት ላይ 4 ቢቀንስ እሱ ቁም ነገር ነው።

ፍሮንት ባለበት አካባቢ በ3 ሰዓት ውስጥ ከ3.5 ሄክቶፓስካል በላይ መውረድ ፈጣን ነው። ከ6 በላይ ከሆነ በጣም ፈጣን ነው፤ ብርቱ ነፋስ ጠብቁና ሊበር የሚችለውን ሁሉ እሰሩ።

አንድ ገጽ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው፣ ቦታው ሰሜን ንፍቀ ክበብ ውስጥ ያለ ፍሮንት የሚያልፍበት አካባቢ ነው፦

ከጠዋቱ 3፡00 — 1008.2፣ 23 ዲግሪ፣ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ፣ ቀላል
ከቀኑ 6፡00 — 1005.9፣ 25 ዲግሪ፣ ከደቡብ ምዕራብ፣ በርትቷል
ከቀኑ 9፡00 — 1003.1፣ 24 ዲግሪ፣ ከደቡብ ምዕራብ፣ ምዕራቡ ጠቁሯል
ከቀኑ 9፡40 — 1004.6፣ 17 ዲግሪ፣ ከሰሜን ምዕራብ፣ ዶፍ

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች እዩ። ግፊቱ መውረዱን ትቶ ዘለለ፣ ሙቀቱ በ40 ደቂቃ 7 ዲግሪ ወረደ፣ ነፋሱ አቅጣጫ ቀየረ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ቀዝቃዛው ፍሮንት በላያችሁ አልፏል ማለት ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ገና አላለፈም፣ ወይም ያያችሁት ሌላ ነገር ነው።

በሞቃት ቀበቶ ያላችሁ ግን ከተራ ነጎድጓድ በፊት ትልቅ መውረድ አትጠብቁ፣ ላይኖር ይችላል። እናንተ ጋ የሚታየው ዝላዩ ነው። ቀዝቃዛው የዶፉ አየር ሲደርስ ግፊቱ ድንገት 1 ወይም 2 ይጨምራል። ያኔ ግን ዶፉም ደጃፋችሁ ላይ ነው።

4. ደመናውን በየ10 ደቂቃው አወዳድሩ

ሞቃት ፍሮንት ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከፍ ብለው የሚታዩ ቀጫጭን ነጭ ክሮች፣ ቀጥሎ ሰማዩን የሚሸፍን ስስ ነጭ መጋረጃ፣ ቀጥሎ ፀሐይን የሚያደበዝዝ ግራጫ፣ በመጨረሻ ዝቅ ብሎ የተደፋ ደመናና የማያባራ ዝናብ። በስሱ መጋረጃ ጊዜ በፀሐይ ወይም በጨረቃ ዙሪያ ክብ ከታየ ከፍ ያለው ደመና የበረዶ ቅንጣት ነው ማለት ነው። ክቡ ብቻውን ዝናብ አያስምልም። ከክቡ በኋላ ደመናው እየወፈረና እየወረደ፣ ግፊቱም እየወረደ ከሄደ ግን ዝግጅት ጀምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ክቡን ስትፈልጉ ፀሐይን በቀጥታ አትዩ። በሕንፃ ጠርዝ ወይም በእጃችሁ ከልሏት።

የነጎድጓድ ደመና ሌላ ነው። የሚያድገው ሽቅብ ነው፣ ስለዚህ የምትለኩት ቁመቱን ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ከአድማስ በላይ ያዙት፤ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ደመናው አሁን ሁለት ጭብጥ ከሆነና ከ10 ደቂቃ በኋላ ሦስት ከሆነ፣ ወይ እያደገ ነው ወይ እየቀረበ ነው። ሁለቱም የእናንተ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በላይ ጠርዙን እዩ። አናቱ የአበባ ጎመን መስሎ ጉብ ጉብ ያለና ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ ከሆነ ደመናው ገና በውሃ ጠብታ እያደገ ነው። ያ ጥርት ያለው ጠርዝ ሲደበዝዝና ጭረት ጭረት ሲሆን አናቱ ወደ በረዶ ቅንጣት ተቀይሯል። ከዚያ በኋላ መብረቅና ዶፍ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። አናቱ ተደፍጥጦ ወደ ጎን ሲዘረጋ ደግሞ ሽቅብ መውጫ አጥቷል፣ ማለትም ከዚያ በላይ እንዲያድግ የማይፈቅደው የከባቢ አየር ንብርብር ላይ ደርሷል። የተዘረጋው ክፍል ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው በከፍታው ላይ ያለው ነፋስ የሚነፍስበትን ነው።

ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ረዣዥም ጉብ ያሉ ደመናዎች ካያችሁ፣ ወበቁም ከተሰማችሁ፣ ከሰዓት በኋላውን ለቤት ውስጥ ሥራ አድርጉት። እርጥበት መለኪያ ካላችሁ የጤዛ ነጥቡን፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበትን ሙቀት ተመልከቱ። 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ነጎድጓዱ የሚበላው ነዳጅ ሞልቷል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ግን ከዚያ ባነሰም ያገሣል።

5. ወደ እናንተ እየመጣ መሆኑን በኮምፓስ አረጋግጡ

ይህ በጣም ቀላልና በጣም ጠቃሚ ዘዴ ነው፣ የሚጠቀምበት ሰው ማነሱ ግን ይገርመኛል። ኢንተርኔትም አይፈልግም።

አንድ ቦታ ቁሙ። ዝናቡ ከደመናው ሥር ጥቁር ግርግዳ ሠርቶ የሚወርድበትን ቦታ መሀል በኮምፓስ አነጣጥሩና ዲግሪውን ጻፉ። 240 ነው እንበል። ከ10 ደቂቃ በኋላ እዚያው ቁማችሁ ድገሙት። ከዚያ እንዲህ ታነባላችሁ፦

- አሁንም 240፣ ግን ግርግዳው ሰፍቷል፦ ቀጥታ ወደ እናንተ ነው።
- 255 ሆኗል፦ ወደ ቀኝ እየሄደ ነው፣ በአጠገባችሁ የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።
- አሁንም 240፣ ግን ጠቧል፦ እየራቀ ወይም እየሞተ ነው።

አቅጣጫው የማይቀየር ነገር ከቀረበ መጨረሻው እናንተ ጋ ነው፤ መርከበኞችም ግጭትን የሚያውቁት በዚሁ መንገድ ነው። ሦስተኛ ልኬት ሳትወስዱ ግን አትረጋጉ። የነጎድጓድ ደመና በጎኑ አዲስ ደመና እየወለደ መንገድ ይቀይራል።

ልብ በሉ፦ መሬት ላይ የሚሰማችሁ ነፋስ ዶፉ የሚሄድበትን አይነግራችሁም። እንዲያውም ብርቱ ነጎድጓድ ሞቃቱን አየር ከመሬት ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደ ደመናው እየነፈሰ ደመናው ግን ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። "ነፋሱ እየወሰደው ነው" ብለው ቁጭ ያሉ ሰዎች ናቸው በስብሰው የሚገቡት።

ያ የሚሳበው ሞቃት ነፋስ ድንገት ፀጥ ካለና ቀጥሎ ከደመናው በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ሽው ካለ፣ መለካቱን ተዉት። ዶፉ ከላይ ይዞት የወረደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ነክቶ ተበትኖ ደርሷል። ከዝናቡ በደቂቃዎች ይቀድማል፣ ዛፍ የሚገነድሰውና ቆርቆሮ የሚያነሣውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከፊቱ ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ጥቁር ደመና ካያችሁ የዚያው ነፋስ ጠርዝ ነው።

6. ራዳሩን በሁለት ምስል አንብቡ

አንድ የራዳር ምስል ፎቶ ነው። ሁለት ሲሆን ፍጥነት ይሰጣችኋል።

ምሳሌ። የዶፉ ፊት 8፡20 ላይ ከእናንተ 45 ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር፣ 8፡40 ላይ 33 ኪሎ ሜትር ላይ ደረሰ። በ20 ደቂቃ 12 ኪሎ ሜትር ሄደ፣ በሰዓት 36 መሆኑ ነው። የቀረውን 33 ኪሎ ሜትር በ55 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ምስሉን የከፈታችሁት ግን 8፡50 ላይ ከሆነ 10 ደቂቃው ተበልቷል፣ የቀራችሁ 45 ነው። ቀዝቃዛው ነፋስ ደግሞ ይቀድማል። እኔ ብሆን ግማሽ ሰዓት አለኝ ብዬ ነው የምነሣው።

ቀለሞቹ የሚያሳዩት ወደ ራዳሩ የተመለሰውን ሞገድ ብርታት ሲሆን መለኪያው ዲቢዜድ ይባላል። 20 አካባቢ ካፊያ ወይም ቀላል ዝናብ ነው። 40 ሲደርስ ጠንካራ ዝናብ፣ 50 ሲያልፍ ዶፍ ነው። 60 ከደረሰ በረዶ የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው። መኪናችሁን ጣሪያ ሥር አስገቡ። የቀለሞቹ አመዳደብ ከገጽ ገጽ ስለሚለያይ መጀመሪያ ከጎን ያለውን መግለጫ እዩ።

ራዳሩ የሚስትበትም ቦታ አለ። ጨረሩ በትንሹ ሽቅብ ያዘነበለ ነው፣ ምድር ደግሞ ትጎብጣለች። በግማሽ ዲግሪ ያዘነበለ ጨረር 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከመሬት 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል፣ 200 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከራዳሩ ሩቅ ከሆናችሁ ከሥር የሚዘንበውን ላያየው ይችላል። ተራራ ጀርባም እንዲሁ። ባዶ ስክሪን ማለት የግድ ባዶ ሰማይ ማለት አይደለም።

አካባቢያችሁ ራዳር ከሌለው የሳተላይት ምስል ተጠቀሙ። ኢንፍራሬድ የሚባለው ሌሊትም ይሠራል፣ የሚያሳየውም የደመናውን አናት ሙቀት ነው። በጣም የቀዘቀዘ አናት ማለት በጣም ረጅም ደመና ማለት ነው። ነገር ግን የተዘረጋው አናት ከሥሩ ከሚዘንብበት ቦታ በጣም ይሰፋል፤ ምስሉ ላይ ተሸፈንን ማለት ይዘንብብናል ማለት አይደለም።

7. ብልጭታና ነጎድጓዱን ቁጠሩ

ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሩ፣ ሲያገሣ አቁሙ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ሰከንዱን ለ3 ስታካፍሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። 30 ሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ካነሰ ወደ ውስጥ ግቡ።

10 ኪሎ ሜትር ሩቅ መስሎ ይታያል። ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ዶፍ በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል። መብረቅ ደግሞ ዝናቡ ካለበት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ፀሐይ ያለበት ቦታ ላይ ሊወርድ ይችላል። በእግር ጉዞ ላይ ከሆናችሁና መጠለያው 20 ደቂቃ የሚያስኬድ ከሆነ 30 ሰከንዱን አትጠብቁ። መጀመሪያ የሰማችሁት ድምፅ የመነሻ ፊሽካችሁ ይሁን።

8. ግቡ

ጥሩ መጠለያ ማለት የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቧንቧ ያለው የተዘጋ ሕንፃ ነው። መብረቁ ቢመታው ኃይሉ በሽቦውና በቧንቧው ወደ መሬት ይወርዳል። በዚሁ ምክንያት ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ቧንቧ አትንኩ፣ ገላችሁን አትታጠቡ፣ ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክም አትያዙ። የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን የምትነቅሉት ነጎድጓዱ ገና ሩቅ ሳለ ነው፣ አናታችሁ ላይ ሲያገሣ አይደለም።

ሕንፃ ከሌለ የብረት ጣሪያ ያለው መኪና፣ መስኮቱን ዘግታችሁ። ድንኳን፣ ግድግዳ የሌለው ዳስና ዛፍ መጠለያ አይደሉም። ዛፍ ሲመታ ኃይሉ ከግንዱ ወደ ቆመው ሰው ይዘላል፣ በመሬቱም ውስጥ ይሠራጫል።

ሜዳ ላይ ከያዛችሁ ከኮረብታው ጫፍ ውረዱ፣ ከውሃና ከብረት አጥር ራቁ፣ ብዙ ከሆናችሁ ተራርቃችሁ ወደ መጠለያው መሄዳችሁን ቀጥሉ። መሬት ላይ አትተኙ፤ በመሬት የሚሠራጨው ኃይል ብዙ የሰውነት ክፍል ያገኛል።

የአዙሪት ነፋስ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ ወደ ሕንፃው መሀል፣ መስኮት ወደሌለው ክፍል።

9. ካባራ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ

ቆጠራው የሚጀምረው ዝናቡ ሲያባራ ሳይሆን ከመጨረሻው ነጎድጓድ ነው። በመሀል አንድ ካገሣ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። እየሄደ ያለ ደመና ግን ከኋላው ባለው የተዘረጋ ክፍሉም መብረቅ ይጥላል። በዚያ መሀል ራዳሩን እዩ፤ ዶፎች በአንድ መስመር ተከታትለው በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፉበት ጊዜ አለ፣ ብርቱ ጎርፍም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የጎርፍ ማስጠንቀቂያ

የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሲኖረው አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትናንሽ መኪኖችን ያነሣል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኞቹን መኪኖች ይወስዳል። ውሃው ሥር መንገዱ ይኑር ወይም ተቆርሶ ይሂድ ደግሞ አይታይም። ደረቅ የወንዝ መውረጃ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ሰማዩ ላያችሁ ላይ ጥርት ቢልም የላይኛው ተፋሰስ ላይ ከጠቆረ ውጡ። ዶፉ እናንተ ጋ ባይደርስም ውሃው ይደርሳል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

"ማሳሰቢያ" እና "ማስጠንቀቂያ" አንድ ነው ማለት። በብዙ አገር የትንበያ አገልግሎት ሁለት ደረጃ አለ፦ አንደኛው ሁኔታው ሊፈጠር ይችላል ሲል ሁለተኛው አሁን እየሆነ ነው ወይም ሊደርስ ነው ይላል። በመጀመሪያው ተዘጋጁ፣ በሁለተኛው ግቡ። ስያሜው ከአገር አገር ስለሚለያይ የራሳችሁን አገልግሎት ዛሬውኑ አንብቡ፣ ዶፍ እየወረደ ሳለ አይደለም።

"40 በመቶ ዝናብ" ሲባል ቀኑን 40 በመቶ ይዘንባል ብሎ መረዳት። የሚነግራችሁ የመዝነቡን ዕድል እንጂ የሚቆይበትን ጊዜ ወይም ብርታቱን አይደለም። በ40 በመቶ ቀን ለ20 ደቂቃ ብቻ ዘንቦ ሰፈር የሚያጥለቀልቅበት ጊዜ አለ።

መኪና የሚያድነው ጎማው ነው ብሎ ማሰብ። የሚያድነው ዙሪያውን ያለው ብረት ነው፣ ኃይሉን በውጭ በኩል ወደ መሬት ያሳልፈዋል። ስለዚህ ሞተር ሳይክልና ጣሪያው ጨርቅ የሆነ መኪና ጎማ ስላላቸው ብቻ አያድኑም።

አረንጓዴ ሰማይ አይቶ አዙሪት መጣ ማለት፣ ወይም አረንጓዴ ስላልሆነ መረጋጋት። ቀለሙ ብዙ ውሃ የያዘ ወፍራም ደመናን ሊያመለክት ይችላል፤ አዙሪት መኖር አለመኖሩን ግን አይነግርም።

ባሮሜትሩን ኪስ ውስጥ ይዞ ፎቅ እየወጡና እየወረዱ ማንበብ። አንድ ፎቅ ብቻ ወደ 0.3 ሄክቶፓስካል ይቀይራል፤ አምስት ፎቅ ከሆነ ለውጡን ያበላሽባችኋል።

ሌሊት ድምፅ የሌለው ብልጭታ አይቶ "ሙቀቱ ነው የሚያበራው" ብሎ መተኛት። ሙቀት አያበራም። ያ ሩቅ ያለ ነጎድጓድ ነው፤ ብርሃኑ ሌሊት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊታይ ይችላል፣ ድምፁ ግን ብዙ ጊዜ ከ15 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ኮምፓሱን አውጡና አቅጣጫውን ጻፉ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ድገሙት።